እንደገና ቢያገቡ የልጅዎ ቀለብ ይቀራል?

እንበል፤ የሚኖሩት ሰመራ ነው። ከተፋቱ ሁለት ዓመት ሆኖዎታል። ሁለቱ ልጆችዎ ከእርስዎ ጋር ናቸው። አባታቸው በጋላፊ በኩል ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አንዳንዴ ቢዘገይም የተወሰነበትን ቀለብ በየወሩ ይልካል። አሁን ደግሞ አንድ ደህና ሰው ለትዳር ጠይቆዎታል። ደስታዎን ገና አጣጥመው ሳይጨርሱ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ጎረቤት ለሻይ በተሰበሰበበት ሰዓት አንዷ ጣልቃ ገብታ «ካገባሽ እኮ ቀለቡ ይቀራል፤ ልጆቹንም ይወስድብሻል» ትላለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይንዎ አይዞርም።

ይህ ስጋት የሰመራ ብቻ አይደለም። አዋሽ ሰባት ኪሎም፣ ደሴም፣ አዲስ አበባም አለ። ብዙ እናቶች «ወይ ልጆቼ ወይ ትዳር» ብለው ዕድሜያቸውን ይገፋሉ። በሌላ በኩል «አሁን ሌላ ቤት አለኝ፤ የድሮው ይብቃ» ብለው የሚልኩትን ያቋረጡ አባቶችም ጥቂት አይደሉም። የሁለቱም ስህተት ምንጩ አንድ ነው። ቀለቡን በባልና በሚስት መካከል ያለ ሒሳብ አድርገው ያዩታል። ሒሳቡ ግን የእነሱ አይደለም፤ የልጁ ነው።

ቀለቡ የማን ነው?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወላጅና በተወላጅ መካከል እንዳለ ይደነግጋል። ግዴታው ከመውለድ የመጣ እንጂ ከጋብቻ የመጣ አይደለም። ጋብቻው ቢፈርስ፣ እናትየዋ ብታገባ፣ አባትየው ቢያገባ፣ ልጅነትና አባትነት አይፈርስም። ሕጉ «ጠያቂዋ እናት ባል አላት ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቀለብ ተቀባዩ ምን ያስፈልገዋል? ሰጪውስ ምን ያህል አቅም አለው?

ቀለብ ማለትም ምግብ ብቻ አይደለም። መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት ይጨምራል። ሕጉ በተለይ የኑሮ ደረጃንና የአካባቢን ልማድ ማየት እንደሚገባ ይናገራል። ይህች ሐረግ ለሰመራ እናት ትልቅ ነገር ናት። ደጋ ላይ ቬንቲሌተር ቅንጦት ሊባል ይችላል፤ ሰመራ ላይ ግን ሕፃን ልጅ ሌሊቱን እንዲተኛ የግድ ነው። የመብራቱ ሒሳብ፣ የሚገዛው ውኃ፣ ሙቀት በጸናበት ወቅት የሚመጣው የሕክምና ወጪ የልጁ ፍላጎት ናቸው። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ እነዚህን ለመዘርዘር አይፈሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አዋጅ ቁጥር 213 በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራና ኦሮሚያ በ1995 ዓ.ም. የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። አንድ ክልል የራሱን ባላወጣበት ጉዳይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሠራል። የአንቀጹ ቁጥር ቢለያይም የቀለብ መሠረቱ አንድ ነው፤ ወላጅ ልጁን ይቀልባል፣ መጠኑ በፍላጎትና በአቅም ይለካል፣ ሁኔታ ሲለወጥ መጠኑም ሊለወጥ ይችላል።

የሚስትነት ቀለብስ?

ወሬው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስለ ፍቺ ሲያወሩ ሁለት ክፍያ ያነሳሉ። አንዱ ለልጅ፣ ሌላው ለቀድሞ ሚስት ወይም ባል የሚከፈል ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ ለቀድሞ ሚስት በየወሩ የሚቆረጠው ክፍያ እንደገና ስታገባ ይቆማል። የልጁ ግን አይቆምም። በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያም እንዲሁ ነው። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ሁለቱ ተቀላቅለው «ካገባች ይቀራል» ሆኖ ቀረ።

በእኛ አገር የተሻሻለው ሕግ ከፍቺ በኋላ ለቀድሞ ሚስት በየወሩ የሚቆረጥ ክፍያ አላዘጋጀም። የፍቺው ክርክር እስኪያልቅ ድረስ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎች ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ውሳኔ ሲሰጥ የባልና የሚስት ቀለብ ያበቃል። በምትኩ ያለዎት የጋራ ንብረት ድርሻዎ ነው። በጋብቻው ዘመን ሁለታችሁ በሥራችሁ ያፈራችሁት፣ ደመወዙም ሆነ ንግዱ፣ የጋራ ነው፤ በመርህ ደረጃም እኩል ይካፈላል። ለፍቺው ጥፋተኛ የሆነው ወገን፣ ፍትሕ የሚያስገድድ ሆኖ ሲገኝ፣ ለተጎዳው ካሣ እንዲከፍል ሊታዘዝም ይችላል። ድርሻዎም ካሣዎም የእርስዎ ሀብት ነው። ነገ ቢያገቡ ማንም «መልሺ» ሊልዎት አይችልም።

በሸሪዓ ሥርዓት የተጋቡ ከሆነ ደግሞ ባል ለፈታት ሚስቱ ዒዳዋ እስኪያልቅ ነፈቃ ይሰጣል፤ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ድረስ። ያልተከፈለ መህር ካለም ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ ባለዕዳው ስላገባ ወይም ባለገንዘቧ ስላገባች አይሰረዝም።

ስለዚህ «ካገባሽ ይቀራል» የተባለው ነገር፣ ለእርስዎ ለራስዎ የሚሰጠው አስቀድሞም አጭር ነበር፤ ለልጅዎ የሚሰጠው ግን አይቀርም።

«የእንጀራ አባት» እና እንጀራው

አማርኛችን የእናትን አዲስ ባል «የእንጀራ አባት» ይለዋል። ስሙ እንጀራ ቢይዝም የእንጀራው ዕዳ ከወላጅ አባት ትከሻ ላይ አይወርድም። አዲሱ ባልዎ ደግ ሰው ሆኖ የልጆቹን ደብተርና ጫማ ቢገዛ ተመስገን ነው። የቀድሞው ባል ግን «አሁን የሚያበላቸው አላቸው» ብሎ እጁን መሰብሰብ አይችልም።

አንዳንዴ አዲሱ ባል ልጆቹን በሕግ የራሱ ለማድረግ፣ ማለትም በጉዲፈቻ ለመውሰድ ያስባል። ይህ ሌላ መንገድ ነው። ወላጅ አባት በሕይወት ካለና ከታወቀ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤትም ለልጁ የሚበጅ መሆኑን አይቶ ማጽደቅ አለበት። ይህ ሁሉ ሳይሆን አባት ያው አባት ነው፤ ቀለቡም ያው ቀለብ ነው።

አባት ሲያገባ

አሁን እርስዎ አባት ይሁኑ። አግብተዋል፤ አዲስ ልጅም ተወልዷል። ገቢዎ ግን ያው ነው። የመጀመሪያዎቹን ልጆች ቀለብ መቀነስ ይችላሉ?

በራስዎ ውሳኔ አይችሉም። መጠየቅ ግን ይችላሉ። የቀለብ መጠን በማንኛውም ጊዜ በአንዱ ወገን ጥያቄ ሊሻሻል ይችላል። ፍርድ ቤቱ ደመወዝዎን፣ ሌሎች ጥገኞችዎን፣ የልጆቹን ዕድሜና ፍላጎት አይቶ ሊቀንስም፣ እንዳለ ሊተወውም ይችላል። አዲስ ልጅ መወለዱ አቅምዎን ሊነካ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ልጆች መብት ግን አያጠፋም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እንኳ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው። ስለዚህ «የድሮው ሚስት ልጅ» እና «የአሁኗ ሚስት ልጅ» የሚል ደረጃ የለም።

ትእዛዝ እያለ ዝም ብሎ ማቋረጥ ግን አደጋ አለው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 መሠረት፣ መስጠት እየቻለ ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚነፍግ ሰው በወንጀል ሊቀጣ ይችላል። እውነቱን ለዳኛው ነግሮ ማስቀነስ፣ ስልክ ዘግቶ ከመጥፋት ይሻላል። ልጅም ያስታውሳል።

እናትም በበኩሏ በዚሁ በር መግባት ትችላለች። ኑሮ ተወዷል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተወሰነው ገንዘብ ዛሬ የግማሽ ወር አስቤዛ አይሸፍንም። ይህም የሁኔታ መለወጥ ነው፤ እንዲጨመር መጠየቅ መብቷ ነው።

ልጆቹስ ከማን ጋር ይቆያሉ?

እናቶችን ከገንዘቡ በላይ እንቅልፍ የሚነሳቸው ይህ ነው። መልሱም ጉዳዩ በየትኛው በር እንደሚገባ ይለያያል።

በመደበኛው ፍርድ ቤት፣ ፍቺ ሲወሰን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ አብሮ ይወሰናል። ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ይመለከታል። በኋላ ሁኔታ ከተለወጠ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል። የእናት ማግባት በራሱ ልጅ የሚያስነጥቅ ምክንያት ተብሎ አልተጻፈም። አባትየው «አግብታለች» ብሎ ብቻ አይበቃውም፤ ልጁ እንደተጎዳ ወይም ሊጎዳ እንደሚችል ማሳየት አለበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ታዋቂ ውሳኔ፣ የልጁ ደኅንነት ከወላጅ መብት እንደሚቀድም አስረግጧል። በዚያ ጉዳይ ልጁን ሳያሳድግ ለዓመታት የቆየ አባት «አባቱ ነኝና ይሰጠኝ» ቢልም፣ ችሎቱ ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ወስኗል።

በሸሪዓው በር ሲገቡ ግን ሌላ ነጥብ ይነሳል። በአብዛኞቹ መዝሀቦች እናት ለልጁ ባዕድ የሆነ ሰው ስታገባ፣ ልጁን ይዛ የማሳደግ ቀዳሚ መብቷ፣ ሐዷና የሚባለው፣ ይቀራል። የጎረቤትዎ ማስፈራሪያ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን አብራ አልነገረችዎትም። አንደኛ፣ ያገቡት ሰው ለልጁ ቅርብ ዘመድ ከሆነ፣ ለምሳሌ አጎቱ ከሆነ፣ መብቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ሐዷናው ከእናት ቢወጣ በተለመደው ቅደም ተከተል ቀጥሎ የሚያልፈው ለእናት እናት፣ ለአያትየው ነው፤ በቀጥታ ለአባት አይደለም። ሦስተኛ፣ ልጁ ማንም ዘንድ ይደግ፣ ነፈቃው በአባት ላይ ነው።

በአፋር አብዛኛው ሰው ሙስሊም በመሆኑ የትዳርና የፍቺ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ቃዲ ነው። ከዚያም በፊት የጎሳ ሽማግሌዎች በማድዓ፣ በአባቶች ሕግ፣ ይመለከቱታል። በአብሱማ የተጋቡ ከሆነ ደግሞ ባልና ሚስቱ አስቀድሞም የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ፍቺው ሁለት ቤቶችን ይነካል፤ ልጁም በአባቱ ጎሳ ስለሚቆጠር «ልጁ የእኛ ነው» የሚለው ድምፅ ይበረታል። ይህን ድምፅ መናቅ አይገባም፤ ለልጁ ትልቅ መከታ ነውና። ግን ልጁ የጎሳው ከሆነ ቀለቡም የጎሳው ጉዳይ ነው። አባትየው ሲጠፋ ሽማግሌዎቹን «ልጃችሁን አስታውሱ» ማለት ያስኬዳል።

የትኛውን በር እንደሚመርጡ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. በከድጃ በሽር ጉዳይ፣ ያልፈቀደች ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘቷ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ወስኗል። ጉዳዩ የውርስ ቢሆንም መርሁ ለቀለብም ይሠራል። ነገር ግን ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። በፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ፣ ቁጥር 188/1992፣ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል። አንዴ ከፈቀዱም በኋላ በር መቀየር አይቻልም። መጥሪያ ከደረሰዎት፣ በየትኛውም ፍርድ ቤት ቢሆን፣ ይቅረቡና ምርጫዎን በአፍዎ ይናገሩ።

«እስክታገባ ድረስ» የምትለው መስመር

በሽማግሌ ፊት በሚጻፍ የፍቺ ስምምነት ውስጥ «እናትየዋ እስክታገባ ድረስ በየወሩ ይህን ያህል ይሰጣል» የምትል መስመር ካየች እናት ቆም ትበል። ሽማግሌዎቹ ለሰላም ብለው ይጽፏታል። ይሁን እንጂ የልጁን ቀለብ ከእናቱ ትዳር ጋር ታስራለች፤ ልጁ የሚራበው ደግሞ እናቱ ባል ስላጣች ወይም ስላገኘች አይደለም።

በስምምነት ለሚደረግ ፍቺ የተሻሻለው ሕግ መፍትሔ አለው። ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት በበቂ ሁኔታ የማይጠብቅ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የጎደለውን በራሱ ውሳኔ ማስተካከል ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ ፍርድ ቤት ሲያስገቡ ያችን መስመር ለዳኛው ያሳዩ። ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ «ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ» በሚል እንድትቀየር ይጠይቁ። የጥቂት ቃላት ለውጥ ናት፤ ልዩነቷ ግን የዓመታት እንጀራ ነው።

ከሠርጉ በፊት የሚያደርጉት

ልብዎ ለአዲሱ ትዳር ከተዘጋጀ፣ ወረቀትዎም ይዘጋጅ።

ቀኑን ይቁጠሩ። በቤተሰብ ሕጉ ሴት ከፍቺ በኋላ እንደገና ለማግባት 180 ቀን መጠበቅ አለባት። እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ፣ በመካከሉ ከወለደች ወይም የቀድሞ ባሏን መልሳ ካገባች መጠበቅ የለባትም፤ ፍርድ ቤትም ሊፈቅድላት ይችላል። በሸሪዓ ደግሞ ዒዳው መጠናቀቅ አለበት። ይህ የሚወለደው ልጅ አባት እንዳያወዛግብ ነው፤ አባት ካልታወቀ ቀለብም አይታወቅምና።

ፍቺውንና ልደቱን ያስመዝግቡ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ይካሄዳል። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአባቱ ስም መኖሩን ያረጋግጡ። ከባዱ ክርክር ብዙ ጊዜ ስለ ገንዘቡ መጠን ሳይሆን «ልጄ ነው፣ አይደለም» በሚለው ላይ ነው።

በቃል የነበረውን በጽሑፍ ያድርጉ። እስካሁን ቀለቡ በአባትየው ደግነት ብቻ ይመጣ ከነበረ፣ ከማግባትዎ በፊት የፍርድ ቤት ውሳኔ ይኑርዎት። ከሠርግ በኋላ ቅያሜ ይመጣል፤ ቅያሜ ደግሞ ቃልን ያስረሳል።

የአባትየውን ገቢ ያሳዩ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ቀላል ነው፤ ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ ከደመወዙ እየቀነሰ በባንክ እንዲያስገባልዎት ማዘዝ ይችላል። ሹፌር፣ ነጋዴ ወይም ከብት አርቢ ከሆነ ደመወዝ የለውም ማለት ገቢ የለውም ማለት አይደለም። የመኪናው ባለቤት፣ የንግድ ፈቃዱ፣ ከብቱ፣ በባንክ የላከልዎት ገንዘብ ደረሰኝ፣ ኑሮውን የሚያውቁ ምስክሮች ይጠቅማሉ።

ውዝፍ አያጠራቅሙ። ብዙ እናቶች «ዛሬ የለውም፤ ነገ ይሰጠኛል» እያሉ ዓመት ይቆያሉ። ሕጉ ግን ቀለብን የዕለት ጉርስ አድርጎ ያየዋል። በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ኋላ ሊከለከል ይችላል። አንድ ወር ሲያልፍ ይጠይቁ፤ ጥያቄዎንም በጽሑፍ ያድርጉት።

ብቻዎን አይግቡ። የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትን፣ የዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤትን ወይም የሕግ ትምህርት ክፍል ያላቸውን ዩኒቨርሲቲዎች የነጻ ሕግ ድጋፍ ይጠይቁ። የ1992ቱ ሕግ እንዲሻሻል ግንባር ቀደም ሆኖ የተሟገተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ሲሰጥ የቆየ ተቋም ነው።

ከአዲሱ ባልዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ። «የልጆቼ ቀለብ ከአባታቸው ይመጣል፤ በየተወሰነው ቀንም ይጠይቃቸዋል» ብለው ከጋብቻው በፊት ይንገሩት። የልጅ አባት በስልክ ሲደውል ቤት ውስጥ ጠብ የሚነሳ ከሆነ፣ ቀለቡን ተቀባይዋ ራሷ ልትሸሸው ትችላለች። ጨዋ ባል ይህን ይረዳል። ልጁ አባቱን የማየት መብት አለው፤ አባትም ልጁን። ቀለብ ሲዘገይ ልጅን መደበቅ፣ ልጅ አላሳዩኝም ብሎ ቀለብ ማቋረጥ፣ ሁለቱም ልጁን ነው የሚቀጡት።

ለሻይ ወደተሰበሰበው ጎረቤት እንመለስ። ነገ ያቺ ጎረቤት ያንኑ ስትደግም የሚሰጡት መልስ አለዎት። «እኔ ባገባ የማገባው እኔ ነኝ፤ ልጆቼ አባታቸውን አልፈቱትም።» ከዚያም የፍርድ ቤት ወረቀትዎ በሣጥንዎ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡና ሻይዎን ይጠጡ።